የነሱ ጠርሙስ የገባ ቀን

እኔ መጠጥ አልቀምስም። አባቴም አልቀመሱም፣ የአሊዩ አምባ አያቶቼም አልቀመሱም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን ስለ አንድ ወይን ከጠጪዎቹ ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ አብዱረዛቅ ነኝ። ወላሂ፣ ባላውቅ እመርጥ ነበር።

ሱቄ አስፋልቱ ዳር ነው። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ እሸጣለሁ። በግድግዳ የምንዋሰነው ከእትዬ አበራሽ ግሮሰሪ ጋር ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሳቸው ቤት ጠርሙስ ሲከፈት እኔ ቤት ይሰማል። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤት ነን። በረመዳን ቴምር ሳይልኩልኝ ቀርተው አያውቁም፤ ለፋሲካ ደግሞ በጉን የምመርጥላቸው እኔ ነኝ። «የአብዱረዛቅ ዓይን በግ ያውቃል» ይላሉ ለሰው። በግ ማወቁንስ አውቃለሁ።

ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብትሉኝ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው እላችኋለሁ። ይሄ ሙገሳ ከመሰላችሁ ትንሽ ቆዩ።

ባለቤታቸው ጋሼ ሀይሉ የካምፓኒው ወኪል ነበሩ። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ምን ይፈይድልኛል? እኛ ሰፈር ሁሉም «ካምፓኒው» ነው የሚለው። ወረዳችን ቀወት በሙሉ ቢራውንም ለስላሳውንም የሚወስደው ከጋሼ ሀይሉ መጋዘን ነበር፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። የኛን አገር ሙቀት ታውቃላችሁ፤ ጋሼ ሀይሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ጠርሙሱ እንዳይግል ብለው የመጋዘኑን ወለል ውሃ የሚያርከፈክፉ ሰው ነበሩ። እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከቡት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ወኪልነቱ ለሌላ፣ ከሳቸው ለሚበልጥ ነጋዴ ተሰጥቷል፤ እስካሁን ስላደረጉት ትብብር እናመሰግናለን ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጋሼ ሀይሉ ከዚያ በኋላ ባዶው መጋዘን ውስጥ ወንበር ዘርግተው መዋል ጀመሩ። «ምን ይጠብቃሉ ጋሼ?» ስላቸው «ምንም፤ እዚህ ይቀዘቅዛል» ይሉኛል። ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እትዬ አበራሽ ካምፓኒው ነው አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ወንበሩን አይቻለሁ።

እቤት የቀሩት እትዬ አበራሽ፣ እናታቸው እማማ አስካለ፣ እና ታናሽ ወንድማቸው ሰይፉ ናቸው። ሰይፉን ያሳደጉት እትዬ ናቸው ማለት ይቻላል፤ መንጃ ፈቃድ ያስወጡለትም እሳቸው ናቸው። የሽንኩርት አይሱዙ ይነዳ ነበር። ባለ መኪናው መኪናውን ሸጠና ሰይፉ ስድስት ወር ሥራ ፈቶ ተቀመጠ፤ የማያውቀው የመኪና ባለቤት፣ ያልጠየቀው ደላላ አልነበረም። በመጨረሻ ሥራ አገኘ። የት አትሉም? ካምፓኒው ጋ።

ለእህቱ ሊነግር የመጣ ቀን እኔ ደጃፌ ላይ ባልዲ እየደረደርኩ ነበር። አዲስ ቱታ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የካምፓኒው አርማ አለ። ምናለ ቱታውን አውልቆ ቢመጣ! ደስ ብሎት እኮ ነው፤ ሥራ ያገኘ ሰው ልብሱን ማሳየት ይወዳል። እትዬ አበራሽ ከውስጥ ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙ። ቱታውን አዩት። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ሀይሉን የገደለው እጅ ነው አንተን የሚያጎርስህ?» አሉት።

«እትዬ፣ ሥራ እኮ ነው። የት ልሂድ?»

«የፈለግህበት ሂድ። ብቻ ስማኝ። የነሱ ጠርሙስ እኔ ቤት የገባ ቀን አንተም ትገባለህ። እስከዚያ ይቺን ደጃፍ እንዳትረግጥ፣ በገብርኤል ገዝቼሃለሁ።»

መሐላ የሚያስረው የማለውን ሰው ነው። ግዝት ግን ሌላውን ነው የሚያስር፤ አንዱ ይናገረዋል፣ ሌላው ይሸከመዋል። የገዘተው ሰው ራሱ ካልፈታው ደግሞ እንደታሰረ ይኖራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እትዬ አበራሽ «የነሱ ጠርሙስ የገባ ቀን» ሲሉ፣ አህያ ቀንድ ያወጣች ቀን ማለታቸው ነበር። ሰይፉም እንደዚያ ነው የሰማው። ቱታውን እንደለበሰ ዞሮ ሄደ፤ እኔም ባልዲዬን መደርደር ቀጠልኩ። ያን ቀን በመሃላቸው ገብቼ «ኧረ እትዬ፣ ቃልዎን ያለዝቡት» ብል ኖሮ ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። ቁጣው ሲበርድላቸው እናገራለሁ አልኩ። እሳቸው ግን የሚበርድላቸው ሰው አይደሉም።

ከዚያ ወዲያ ግሮሰሪያቸው ኬላ ሆነ። ሻጭ ሲመጣ «የማን ነው?» ይሉታል። የካምፓኒው ከሆነ ተቀመጥ እንኳ ሳይሉት ይሸኙታል። ጠጪው የለመደውን ቢራ ሲያጣ ቀስ በቀስ ማዶ ካለው ሆቴል መዋል ጀመረ። እኔ በግድግዳው በኩል ጸጥታውን እሰማ ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነው አንድ ልብሱ የጸዳ ሻጭ አዲስ ወይን ይዞ የመጣው። «የጋሼ ጓሮ» ይላል ስሙ። ጠርሙሱ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ አሉ፤ በእጃቸው ዘንቢል ሙሉ ወይን ይዘዋል፤ ከኋላቸው የሣር ክዳን ቤት ይታያል። ከሥር «ከቤተሰባችን ለቤተሰብዎ» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ አበራሽ እንደ ልማዳቸው «የማን ነው?» አሉ። ሻጩ በጣቱ ሽማግሌውን ነካ አደረገና «የእኚሁ ሰውዬ» አለ። ምን ያለው ልጅ ነው! እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

«አብዱረዛቅ፣ ና እስቲ» አሉኝ። ሄድኩ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አውጥተው ይዘውታል። «ሀይሉን አይመስሉም?»

አየሁት። ጢማቸው ይመስላል፤ የትከሻቸው ጎበጥ ማለትም ይመስላል። «ይመስላሉ» አልኩ። እውነቴን ነው። ግን እኮ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ሁሉ ጋሼ ሀይሉን ይመስላል።

እንዲህ አድርጎ ገባ። እትዬ አበራሽ ወይኑን እንደ ዘመድ ያዙት። ለሠርግ ወይን ፍለጋ የሚመጣውን ሁሉ፣ ምሳ ሊበላ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ተሳፋሪ ሁሉ፣ «ይሄን ውሰድ፤ የጓሮ ነው፤ ሰውዬው እግዜርን ይፈራሉ» ይሉታል። ሰውም ወደደው። ገበያው ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሶቹን እየወለወሉ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ሲሉ በግድግዳው እሰማለሁ። «እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ ሽማግሌ ሊልኩ ነው መሰለኝ» እላቸዋለሁ። «አንተ ደግሞ፣ ቅናትህ አይጣል ነው» ይሉና ይስቃሉ። ጋሼ ሀይሉ ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

እኔ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሳሙና አለ። አንዱ የሎሚ ነኝ ይላል፣ አንዱ የሕፃን፣ አንዱ የድሮ። ደንበኞቼ የትኛው ይሻላል ብለው ይከራከራሉ፤ የሎሚውን የለመደችው የድሮውን ንኪ ብትሏት አትነካም። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ በር ነው። ጀርባቸው ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል ተጽፏል። ይሄን የማውቅ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ የጋሼን ጠርሙስ አገላብጬ ያላየሁት። የመጠጥ ጠርሙስ አልነካም፣ አይመለከተኝም አልኩ። ሐራም ነው ማለት አንዳንዴ ለስንፍናም ይመቻል።

ሰይፉ በየሁለት ሳምንቱ ከላይ ይወርዳል። የጣርማበርን ቁልቁለት ሲጨርስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። እዚህ ሲደርስ መኪናውን ማዶ ያቆምና እኔ ሱቅ ይመጣል። በሁለታችን ደጃፍ ፊት በሚያልፈው ቦይ ላይ የተነጠፈ ሲሚንቶ አለ፤ ግማሹ የኔ ነው፣ ግማሹ የሳቸው። ሰይፉ የኔን ግማሽ ብቻ ይረግጣል። አንድ ቀን ከዝናብ ሊያመልጥ ሮጦ መጥቶ እንኳ እግሩ መስመሩን አላለፈም፤ ዓይኔ አይቷል።

ቆሎውን ለእማማ አስካለ የማደርሰው እኔ ነኝ። «ከአንድ ደንበኛዬ ነው» እላለሁ። እማማ እፍኝ ዘግነው «ያ ደንበኛህ ደህና ነው? ከሳ ወይስ ወፈረ?» ይሉኛል። «ትንሽ ወፍሯል እማማ።» «እሰይ» ይላሉ። እትዬ አበራሽ እየሰሙ እንዳልሰማ ብርጭቆ ያጥባሉ። የታጠበውን ብርጭቆ መልሰው ያጥባሉ።

ወይኑ በገባ በአራት ዓመቱ እማማ አስካለ ታመሙ። ጓዳው ስለሚያፍን እትዬ አልጋቸውን ወደ ግሮሰሪው አወጡት፤ ማራገቢያው ሥር ባለው ጥግ አድርገው መጋረጃ ጋረዱላቸው። ሰይፉ ሰምቶ መጣ። ቆሎ አልያዘም፤ ቆሎ መቆርጠም ላቃተው በሽተኛ የሚሆን ብርቱካን ይዟል።

«ጋሼ አብዱ፣ ላያት እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ግዝቱስ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። «ግዝቱ ከፈረሰ ቆየ።»

«ማን ፈታው?»

«ራሷ እትዬ። የጋሼ ጓሮ የካምፓኒው ነው። ጋሼ የሚባል ሰው የለም፤ ጓሮም የለም። ከቢራው ጎን ባለ አዳራሽ ነው የሚሞላው። ሥዕሉን አንድ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው የሠራው። እኔ እጭነዋለሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማከፋፈያ አራግፈዋለሁ፣ ከዚያ በዕቃ ባጃጅ ወደሷ ይመጣል። አራት ዓመት ሙሉ ወይኑን የማመጣላት እኔ ነኝ።»

ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። የእትዬ ቃል ትዝ አለኝ፤ የነሱ ጠርሙስ የገባ ቀን አንተም ትገባለህ። «ታዲያ ግባ!» አልኩት። «ምን ትጠብቃለህ? በገዛ ቃላቸው ተፈትተሃል!»

«ልግባና ምን ልበላት? ሀይሉን ገደሉ በምትያቸው ሰዎች ወይን ነው እማዬን የምታስታምሚው ልበላት? እሷን አታውቃትም? ያለውን ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው የምታፈሰው። ከዚያ በምን ታሳክማታለች? በምን ትኖራለች?» ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ አብዱ፣ አማና። እንዳትነግራት። ብቻ ለምንልኝ።»

አማና አለኝ። ይሄን ቃል ከኛው ነው የለመደው፤ ከኛ ልጆች ጋር ነዋ ያደገው። አደራ ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ባጎደልኩት ነበር። አማና የተባለ ሙስሊም ግን ምን ያደርጋል?

በማግሥቱ ገባሁ። «እትዬ፣ ምንም ቢሆን እናቱ ናቸው። ለአላህ ብለው ይቅር ይበሉት» አልኳቸው።

ብርጭቆ እየወለወሉ ነበር። ድካም ፊታቸውን አጥቁሮታል፤ ሌሊቱን በሙሉ ነው በሽተኛ የሚያገላብጡት። «አብዱረዛቅ፣ ያን ቀን ቆመህ ሰምተሃል። ቃል ቃል ነው። እስቲ ተመልከት፣ የነሱ ጠርሙስ እዚህ ቤት ገብቷል?» ብለው መደርደሪያውን አሳዩኝ።

መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች የጋሼ ጓሮ ነው። ያ ሁሉ ሽማግሌ ዘንቢሉን ይዞ ያየኛል። አፌን ከፈትኩ። ገብቷል የሚለው አንድ ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አማናው ትዝ አለኝ።

«እኔ የመጠጥ ነገር አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የዚህ ተረት ባለቤት እኔን አያውቀኝም። ከመጋረጃው ጀርባ እማማ አስካለ «አብዱረዛቅ ነህ? ደንበኛህ መጣ?» አሉኝ። «ይመጣል እማማ፣ ኢንሻአላህ» አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። ደንበኛዬ አልመጣም።

ሰይፉ ቀብሩ ላይ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያን የእህቱ ደጃፍ አይደለምና። ድንኳኑ ግን የተተከለው የሳቸው ደጅ ስለሆነ አልገባም። ሦስቱን የሐዘን ቀናት እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ባልዲ መሃል ተቀመጠ። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ። ከወዲያ እህት ታለቅሳለች፣ ከወዲህ ወንድም ያለቅሳል፣ እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ሁለቱንም እሰማለሁ። አማናዬን ግን ጠብቄያለሁ፤ ይጠቅማል ብዬ።

ለአርባው ተዝካር እትዬ አበራሽ ለካህናቱና ለዕድርተኛው ብለው አሥር ካርቶን ወይን አዘዙ። አልጋውን ያኔ አንስተውታል። የዕቃ ባጃጁ ተበላሽቶ ስለነበር ማከፋፈያው ገና ዕቃ ይዞ የገባውን የካምፓኒውን ትልቅ መኪና ራሱን ላከ። ሾፌሩ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ሰይፉ መኪናውን ማዶ አቆመና ጋቢናው ውስጥ ቀረ፤ ወይኑን ተሸክሞ የተሻገረው ጫኙ ተመስገን ነው። አሥሩንም ማራገቢያው ሥር፣ ባዶ ወደነበረው ጥግ ደረደረው።

እትዬ አበራሽ መጀመሪያ ካርቶኑን ነው የቆጠሩት። ቀና ሲሉ መኪናውን አዩ። የካምፓኒው አርማ ጎኑን ሙሉ ይሸፍናል።

«ይሄ መኪና የጋሼን ዕቃ ይዞ ምን ይሠራል?» አሉት ተመስገንን።

ልጁ ላቡን እየጠረገ ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ምኑን ያውቃል! «የቱ ጋሼ፣ እትዬ? ጋሼ እኮ ሥዕል ነው። ቢራውም ወይኑም የሚወጣው ከአንድ ግቢ ነው። ጀርባውን አላዩትም?»

ጠርሙስ አንስተው ገለበጡት። መነጽር አልያዙም። ለኔ ሰጡኝ፤ በሕይወቴ የወይን ጠርሙስ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ጉንዳኖቹ እዚያም አሉ። አነበብኩላቸው፤ የካምፓኒውን ሙሉ ስም፣ ያ ደብዳቤ ላይ እንደነበረው።

ይከሰክሱታል ብዬ ጠበቅሁ። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ሽማግሌውን አዩት። «ያን ቀን ምን ነበር ያልኩት?» አሉኝ። «ቃሌን ድገምልኝ።»

«የነሱ ጠርሙስ እኔ ቤት የገባ ቀን አንተም ትገባለህ ነው ያሉት።»

«መቼ ነው የገባው?»

«አራት ዓመት ከምናምን ሆነው።»

«ያውቅ ነበር?»

«የሚጭነው እሱ ነው።»

«አንተስ?»

ይቺን ጥያቄ አርባ ቀን ስፈራት ኖሬያለሁ። «እማማ ከመሞታቸው በፊት ነግሮኝ ነበር» አልኩ። «አማና ብሎኝ ነው።»

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። «እሷ እኮ እዚህ ጋ ሆና ስትጠራው ሰምተሃል» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በጥቁር ልብሳቸው አስፋልቱን ተሻገሩ። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባቸው፤ ዞረው አላዩትም። የጋቢናውን በር በእጃቸው መቱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሰይፉ ሲወርድ አየሁ፤ ክንዱን ይዘው ሲመልሱት አየሁ። ሲሚንቶው ላይ ሲደርስ እግሩ የኔን ግማሽ ረገጠና ቆመ። አምስት ዓመት የለመደ እግር ነው።

«በገብርኤል ፈትቼሃለሁ» አሉት። «ድሮም ተፈትተህ ነበር። ግባ።»

ገባ። ቆሞ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ማራገቢያውን፣ መደርደሪያውን፣ የተሰበሰበውን መጋረጃ። «እማዬ የተኛችው የት ጋ ነበር?» አለ።

እትዬ አበራሽ በእጃቸው ጥጉን አሳዩት። ጥጉ በወይኑ ካርቶን ተሞልቷል፤ ጋሼ በየካርቶኑ ላይ ዘንቢላቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ሰይፉ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ካርቶን አነሳ። ወደ በሩ ወስዶ አስቀመጠው። ተመለሰ። ሁለተኛውን አነሳ። እትዬ ከሌላው ወገን ያዙለት።

ወይን የሚጠጣው ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውም የተረገመ እንደሆነ ከልጅነቴ ተምሬያለሁ። አላህ ይማረኝ፣ ገባሁና ሦስተኛውን ካርቶን አነሳሁ። ከባድ ነበር። አሥሩንም ስንጨርስ ወለሉ ላይ የአልጋው እግር የፋቃቸው አራት ምልክቶች ታዩ። ሰይፉ በመሃላቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ራስጌዋ በዚህ ነበር» አሉት እትዬ አበራሽ። «ፊቷን ወደ በሩ አድርጊኝ ትለኝ ነበር።»